ለወፍ የተዘራ ማሽላ

በዋንዛ ውሃ ቀበሌ ማሽላ ለመዝራት የሚያዝያ ዝናብ መጣሉ ብቻ አይበቃም፤ አስማሚው መስማማት አለበት። ዝናቡ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። አስማሚው ቀርቶ አያውቅም።

በየማሳው ድንበር ላይ አንድ ግራጫ ምሰሶ ቆሟል። በመንግሥት ሰነድ ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሰዉ ግን «ጆሮ» ይለዋል። ጠዋት ወደ እርሻው የሚወርድ ሰው ሞፈሩን ከማየቱ በፊት ከጆሮው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል።

«እንደምን አደሩ?» ይላል ጆሮው፣ ዜና በሚያነብ ሰው ድምፅ።

«ደህና፣ ይመስገን።»

«ሰብሉ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፣ ይመስገን።»

ከዚያ ገበሬው ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ጆሮውም የሰማውን በግብርና ጣቢያው ግድግዳ ውስጥ ላለው መሣሪያ፣ ለአስማሚው ያደርሳል። ይህ ንግግር የተጀመረው የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ልጆች ሳሉ ነው። የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች እነ ናታን፣ እነ አይማን ናቸው። በተወለዱበት ዘመን አዲስ የነበረው ስማቸው አርጅቶ አሁን ጋሼና ሐጂ እየተቀጠለበት ይጠራል። እነሱ ደግሞ በተራቸው ለልጆቻቸው የቅድመ አያቶቻቸውን ስም አውጥተው፣ ቀበሌው ጥጋቡና ደምሰው በሚባሉ ወጣቶች ተሞልቷል።

ድሮ ዘሩን የሚመርጠው ገበሬው ራሱ ነበር። አፈሩን በእጁ ያፍሳል፣ ያምናውን ዝናብ ያስታውሳል፣ ጎረቤቱን ያማክራል፣ ከዚያ ተሳስቶ ይዘራል። አንዳንዱም በአንድ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ማሽላ ይቀላቅል ነበር፤ ይኼ ለእንጀራ፣ ያ ለእሸት፣ ያኛው ለጠላ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ መንገደኛ እንዲመጠው ጥንቅሽ። ይህ ሁሉ ድካም ከገበሬው ጫንቃ ላይ ወርዶለታል። አስማሚው አፈሩን ያውቃል፣ ደመናውን ያውቃል፣ የገበሬውን ጉልበት፣ እንቅልፉንና የደሙን ስኳር ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን የገበሬውን ቃል ያከብራል። በጣቢያው በር ላይ «የአርሶ አደሩ ድምፅ የበላይ ነው» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የበላይ የሆነው የአርሶ አደሩ ድምፅ ባለፉት ዓመታት ሁሉ የመረጠው «ምስጋና» የተባለውን ማሽላ ነው። ወረዳው በሙሉ የሚዘራው እሱን ነው።

ምስጋና ቀይ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ አያልፍም። ቶሎ ይደርሳል፤ መድረሱን የሚናፍቅ ግን የለም። እንጀራው ሳይቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ጠላው አፍ ይይዛል። ከብት አገዳውን አሽትቶ ያልፋል። ወፍም አይበላውም፤ ይህ ዝርያው ሲለቀቅ በወጣው ሰነድ ላይ እንደ ዋና ጥቅም ተጠቅሷል። ወፎቹ ለምን እንደተጠየፉት የጠየቀ ባለሙያ የለም፤ ወፍ አርሶ አደር አይደለም።

ሶልያና በዋንዛ ውሃ የምትታወቀው በጨዋነቷ ነው። ባሏ ያፌት ከሞተ ሁለተኛው ክረምት አልፏል። ተዝካሩን አወጣች፣ ጥቁሯን በጊዜው ቀየረች፣ «እንደምን ነሽ?» ላላት ሁሉ «ደህና ነኝ» አለች። ጎረቤቶቿ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» እያሉ አደነቋት፤ አድንቀውም ወደየቤታቸው ሄዱ።

ያፌት የተወላት አንድ ማሳና ከማድ ቤቷ ጣሪያ ሥር፣ ጭስ እንዲያገኛቸው የተሰቀሉ የማሽላ ራሶች ናቸው። ማሽላው «ወተት በጉንጬ» ይባላል። ረጅም ነው፤ ዘግይቶ ይደርሳል፤ እሸቱ ሲታኘክ ነጭ ወተት ያወጣል፤ የሰማይ ወፍ ሁሉ ይወደዋል። ያፌት በሕይወት ሳለ በልዩ ፈቃድ በማሳው ጥግ ይዘራው ነበር። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለማሳ ስላልሆነ አብሮት ተቀበረ።

ዘር ግን ተሰቅሎ ዘላለም አይኖርም። በመጋቢት ከአንዱ ራስ ላይ ጥቂት ፍሬ ፈልፍላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። ጨርቁን ስትገልጠው ከግማሹ የሚበልጠው ዝም ብሏል። ዘንድሮ ካልተዘራ ለከርሞ አንድም እንደማይበቅል ገባት። በድብቅ መዝራትም አይቻልም፤ ያልተስማማ ቡቃያ ብቅ ካለ ነቃዩ ይመጣል። ነቃዩ ትሑት መሣሪያ ነው። ከመንቀሉ በፊት ይቅርታ ይጠይቃል፣ ነቅሎ ሲጨርስም መልካም የምርት ዘመን ይመኛል።

ስለዚህ ሶልያና ነጠላዋን ለበሰችና ወደ ጣቢያው ሄደች።

የጣቢያው ሠራተኛ ጥጋቡ ከሩቅ ወረዳ የመጣ፣ ገና ያላገባ፣ ሰው ሁሉ ምሳ የሚጋብዘው ትሑት ወጣት ነው። ስትገባ ከወንበሩ ተነሣላት።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ሶልያና? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን። አንተስ ልጄ? እናትህ ደህና ናቸው?»

«ይመስገን፣ ደህና ናቸው። ይቀመጡ እንጂ።»

«ዘር ላስፈቅድ ነበር።»

«ምስጋና አልደረሰዎትም እንዴ? ጆንያው በርዎ ላይ ተቀምጧል ይላል።»

«ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩ ነው።»

ከግድግዳው ውስጥ አንዲት ቀጭን ደወል ጮኸች። አስማሚው መልካም ምስክርነት በመዘገበ ቁጥር የምትጮኽ ደወል ናት። ሶልያና ወደ ግድግዳው ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ንግግሯን ለቀቅ አድርጋ ቀጠለች።

«እኔ ግን የፈለግሁት የያፌትን ማሽላ ነው። በማሳው ጥግ ብቻ። ዘሩ ሊሞትብኝ ነው።»

ጥጋቡ ጥያቄውን አቀረበ። መልሱ ለመምጣት ጊዜ አልወሰደበትም።

«ወተት በጉንጬ ለማሳዎ አይስማማም» አለ አስማሚው። «የአፈር ተስማሚነት፣ ከፍተኛ። የዝናብ ተስማሚነት፣ ከፍተኛ። የአርሶ አደር ምስክርነት፣ እጅግ ዝቅተኛ።»

«የማን ምስክርነት?» አለች ሶልያና።

«የቀድሞው ባለይዞታ» አለ አስማሚው።

ጥጋቡ አንገቱን አከከ። «የድምፅ ማስረጃ አለ ማለቱ ነው። ጠያቂው የመስማት መብት አለው። ካልፈለጉ ግን እትዬ፣ እኔ ብቻዬን…»

«አሰማኝ።»

ከዚያ ያፌት ተናገረ።

«ምን እሱ! ለወፍ ነው የዘራሁት» አለ። ከማማው ላይ ሲወርድ እንደሚሆነው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እንዲያው ለልማድ ያህል ነው እንጂ የማይረባ ነው።» ከዚያ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ንፋስ፣ «ዘንድሮማ ጭራሽ ምንም የለው። እስኪ ይኼን ራስ ለልጆችህ ውሰድላቸው።» ከዚያ ደግሞ ሌላ ዓመት፣ «ኧረ ተው አንተ! ሰው ይኼንን ማሽላ ይለዋል?» ከዚህ በኋላ ሳቅ መጣ። ሳቁ ረጅም ነበር። አስማሚው ሳቁንም እንደ ነቀፌታ መዝግቦታል።

ሶልያና እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አዳመጠች። ሳቁ ሲያልቅ ከነጠላዋ ጥለት አንድ ክር መዝዛ ጣቷ ላይ እየጠቀለለችው ነበር።

«ይኼን የሚለው መቼ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«በየጥቅምቱ። ሰው በማሳው በኩል ሲያልፍና ማሽላውን ሲያደንቅላቸው።»

«ታዲያ ሲያደንቁለት ምን ይበል? አዎ፣ ግሩም ነው ይበል? ዓይን እንዲገባበት?»

«እኔማ ይገባኛል እትዬ። እኛም ቤት እንደዚያው ነው። እሱ ግን…» ጥጋቡ በአገጩ ግድግዳውን አሳየ።

«ስለ ምስጋናስ ምን ብሏል?»

ያፌት እንደገና ተናገረ። አሁን ድምፁ የእንግዳ ድምፅ ነው፤ ወገቡን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ድምፅ። «በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ደከማችሁ። እናንተን ያቆይልን።» ደወሏ ጮኸች።

«የዚያን ዕለት ለአህያዋ ሰጥቷት አልበላም አለች» አለች ሶልያና።

«አህያዋ ምስክርነት አልሰጠችም» አለ ጥጋቡ። ሳያስበው ነው ያመለጠው። ሁለቱም ለመሳቅ ጥቂት ቀራቸው፤ አንዳቸውም አልሳቁም።

ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው። ዋንዛ ውሃ የራሱን ነገር አያሞግስም፤ እንግዳ ያመጣውን ነገር ደግሞ አይነቅፍም። ምስጋናን ያመጣው እንግዳ ነው። የእንግዳውን ማሽላ ሰዉ ሁሉ አመሰገነ፤ የገዛ ማሽላውን ሰዉ ሁሉ «የማይረባ» አለ። አስማሚው አንድም ቃል ሳይጥል ሁሉን ሰበሰበና አመነ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልጠረጠረ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለች ሶልያና።

«አለ። በመስክ ቀን ሰው ቀርቦ ሊመሰክር ይችላል። አንድ ጠንካራ ምስክር ከተገኘ ውሳኔው ይከለሳል። ግን የምስክሩ ሚዛን ይታያል።» ጥጋቡ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስማሚው መጀመሪያ እንደምን ነዎት ብሎ ይጠይቃል። የሰውየው ቃልና ድምፁ ከገጠሙ ሚዛኑ ይሞላል፤ ቀጥሎ የሚለውም ይታመናል። ካልገጠሙ ግን የፈለገውን ቢናገር ለክለሳ አይቆጠርለትም።»

«ያፌት ሚዛኑ እንዴት ነበር?»

«ሙሉ። ሁልጊዜ ሙሉ።» ጥጋቡ ወደ መስኮቱ አየ። «ደህና ነኝ ሲሉ እውነት ደህና ነበሩ።»

ሶልያና ክሩን ጣቷ ላይ አጠበቀችው።

«የእኔስ?»

ጥጋቡ ሰሌዳውን አየና ወደ ራሱ አዞረው። «የቀበሌው ሰው ሁሉ ሚዛኑ ዝቅ ያለ ነው እትዬ።»

«የእኔን ነው የጠየቅሁህ።»

«ከሁሉም ያንሳል።»

አመስግናው ወጣች።

ምክሩ የተደረገው ወንዙ ዳር፣ ውሃው በድንጋይ ላይ ስለሚንሿሿ ጆሮ የማይሰማበት ቦታ ነው። የመጡት ሁለት ጎረቤቶቿ ናቸው። ጋሼ ናታን በጨዋታው የታወቀ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነው። ሐጂ አይማን ደግሞ ቃላቸውን ቆጥበው የሚናገሩ፣ ከያፌት ጋር ማማ ለማማ እየተጣሩ ወፍ ሲጠብቁ ያረጁ ሰው ናቸው።

ሶልያና በጣቢያው የሰማችውን ነገረቻቸው። የያፌትን ሳቅ ብቻ ትታ።

«ለእኔ ተይው!» አለ ጋሼ ናታን። «ያንን ቀይ ድንክ ከነዘር ማንዘሩ አዋርድልሻለሁ።»

«አንተ?» አሉ ሐጂ አይማን። «አምና በምስጋና ዳቦ ጥርስህ ተነቅሎ፣ ጥርስህን በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ጥጋቡን እየጨበጥክ ስታመሰግን አልነበረም እንዴ?»

«እንግዳ ነዋ ሐጂ! ከእናቱ ተለይቶ የመጣ ልጅ። ፊት ለፊቱ ምን ብዬ ላሳዝነው?»

«የመስክ ቀንም እዚያው ነው የሚቆመው፤ ፊት ለፊትህ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። እርስዎስ? ወተት በጉንጬን ያሞግሳሉ?»

ሐጂ አይማን ጢማቸውን ዳሰሱ። «የሰው ሰብል ማሞገስ ከባድ ነገር ነው። የባልቴት ሰብል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በማግስቱ ግሪሳ ቢወርድበት አይማን ነው ያስበላው ይባላል።» ከዚያ ሶልያናን አዩአት። «ግን ያፌት ያበላኝ እሸት አለብኝ። እናገራለሁ።»

ሶልያና ለሁለቱም እጅ ነሣች። እሷ ራሷ እንደማትመሰክር ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። በጨርቅ ቋጥራ ያመጣችውን ዘር ግን ለሐጂ አይማን አሳየቻቸው። እሳቸውም አንዷን ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ነክሰው አዩዋትና «ዘንድሮ ነው» አሉ። «ከዘንድሮ አያልፍም።»

የመስክ ቀን በጣቢያው ግቢ፣ በነጭ ድንኳን ሥር ይከበራል። ከወረዳ እንግዶች መጡ። ሰንደቅ ተሰቀለ፤ ወፍራም ሰው ንግግር አደረገ፤ በምስጋና ዱቄት የተጋገረ ዳቦ ዞረ። ሰዉ ሁሉ ዳቦውን ተቀብሎ «ግሩም ነው» እያለ ወደ ኪሱ ከተተው። ደወሏ ያለማቋረጥ ስለምትጮኽ የቤተ ክርስቲያን በዓል ይመስል ነበር። ከዚያ ጥጋቡ ድምፅ ማጉያውን በድንኳኑ መካከል አቆመና መመስከር የሚፈልግ ካለ እንዲቀርብ ጋበዘ። በሌላው ዓመት በዚህ ሰዓት ሰዉ ተበትኖ ያልቃል።

ጋሼ ናታን እያነከሰ ወጣ።

«እንደምን ነዎት?» አለ አስማሚው፣ በሁሉም ተናጋሪ ሣጥን።

«ደህና፣ ይመስገን!»

«መልስዎ ከድምፅዎ ጋር በከፊል ይስማማል። ስለየትኛው ዝርያ ይመሰክራሉ?»

«ስለ ምስጋና።» ጋሼ ናታን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። «ምስጋና እንግዲህ… ማሽላ ነው። ቀይ ነው። ድክመት አለበት። አንዳንድ። ማለቴ እንጀራው ትንሽ…» አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጥጋቡ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ ያዳምጠዋል። «…ትንሽ ሲቀመጥ ይሻለዋል። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ደክማችኋል፣ ብዙ ደክማችኋል።»

ደወሏ ጮኸች። ጋሼ ናታን ወደ ሶልያና ሳያይ ወረደ።

ሐጂ አይማን ቀረቡ። ለሰላምታው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሚዛናቸው ግማሽ ላይ ቆመ። ስለ ወተት በጉንጬ ሊመሰክሩ መሆኑን ተናገሩ። የሕዝቡ ዓይን ሁሉ አፋቸው ላይ ነው። ከንፈራቸው «ማሻ አላህ» ሲል ታየ። ሌላ ቃል አልወጣም። ማጉያውን ቀስ ብለው ወደ ጎን ገፉትና ወረዱ።

«ምስክርነቱ አልተሟላም» አለ አስማሚው። «ሌላ ምስክር ከሌለ ዝርያው ከመዝገብ ይሰረዛል።»

ጥጋቡ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ማጉያውን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

ሶልያና ተነሣች። ሰዎች ገለል እያሉ አሳለፏት። ማጉያው ዘንድ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንደምን ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

«መልስዎ ከድምፅዎ ጋር አይስማማም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ። እንደምን ነዎት?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ሰው በክርኑ ጎሰመው።

«ደህና ነኝ።»

«አይስማማም። እንደምን ነዎት?»

«ምንም አልልም። ለክፉ አይሰጥም።»

«አይስማማም። ሙከራዎ ሊያበቃ ነው። እንደምን ነዎት?»

ጥጋቡ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። «እትዬ፣ ይተዉት» አለ በሹክሹክታ፤ ማጉያው ሹክሹክታውን ለድንኳኑ ሁሉ አሰማው።

ሶልያና እጇን አንስታ አስቆመችው። የጣቷ ጫፍ ላይ እንደዚያ ቀን ክር ተጠቅልሎ ነበር።

«ደህና አይደለሁም» አለች። «ያፌት ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን ደህና አልነበርኩም።»

ድንኳኑ ውስጥ ዳቦ ያኝክ የነበረ ሰው ማኘኩን አቆመ። በዋንዛ ውሃ ይህ ጥያቄ በዚህ ዓይነት ሲመለስ የሰማ ሰው አልነበረም።

«እናመሰግናለን» አለ አስማሚው በደስታ። «ሚዛንዎ ሙሉ ነው። ስለየትኛው ዝርያ ይመሰክራሉ?»

«ስለ ወተት በጉንጬ። መልካም ማሽላ ነው። እሸቱ ይጣፍጣል፤ እንጀራው ለሦስተኛው ቀን ይለሰልሳል። አገዳው ቤት ይሠራል፣ የተረፈውን ከብት ይሻማበታል። ወፍ ይወደዋል፤ ስለዚህ ሰው ሊጠብቀው ይወጣል፣ ሰው ከሰው ጋር በማማው ላይ ይጫወታል። ባሌ የማይረባ ነው ሲል አድንቁልኝ፣ ግን ዓይን አታግቡብኝ ማለቱ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ምስጋና ደግሞ አይበላም። ጥጋቡ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። አይበላም።»

ጥጋቡ ራሱን ዝቅ አደረገ። ደወሏ አልጮኸችም። አስማሚው ለእንዲህ ያለ ነገር የተዘጋጀ ደወል አልነበረውም።

ሶልያና ወርዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ማንም አላጽናናትም፤ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። የሆነው ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ናታን እያነከሰ እንደገና ወጣ።

«እንደምን ነዎት?»

«ጉልበቴን ያመኛል!» ብሎ ጮኸ። «ምራቴ ካኮረፈችኝ ከረመች! ያ ቀይ ድንክም ጥርሴን ነቅሎኛል!»

«ሚዛንዎ ሙሉ ነው» አለ አስማሚው።

ቀጥሎ ሐጂ አይማን መጡ። «ልጆቼ አይደውሉልኝም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ። ግን አይደውሉም።» ከዚያ ሰዉ ተሰለፈ። አንዷ እንቅልፍ ካጣች መቆየቷን ተናገረች። አንዱ ወንድሙን በድንበር ነገር እንደሚጠላው፣ ወንድሙ እዚያው ሰልፉ ውስጥ እያለ፣ ተናገረ። የወረዳው ወፍራም ሰው ሊያስቆም ቢሞክር «እርስዎስ እንደምን ነዎት?» ተባለና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በየምስክርነቱ መጨረሻ ምስጋና ይረገማል። ሰልፉ ሲያልቅ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ደርሳ ነበር። ጥጋቡ ማጉያውን ሊያጠፋ ጎንበስ ሲል አስማሚው እሱንም ጠየቀው።

ጥጋቡ ግራና ቀኝ አየ። «እናቴ ናፍቃኛለች» አለና አጠፋው።

ውሳኔው ሁለት ሆኖ መጣ። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ ወተት በጉንጬ ለሶልያና ማሳ ይስማማል። ዝናቡ ሳያልፍ ዘራችው፤ ሐጂ አይማንና ጋሼ ናታን በሬያቸውን ይዘው መጡ። ስለ መስክ ቀን አንድም ቃል ሳይናገሩ አርሰውላት፣ ምሳቸውን በልተው ሄዱ።

ሁለተኛው ውሳኔ የቀበሌው ነው። ዋንዛ ውሃ በክልሉ እጅግ የተደሰተ ቀበሌ ሆኖ ሲመዘገብ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጨረሻው ላይ ወደቀ። አስማሚው እንዲህ ያለ ውድቀት የሚያውቀው በጎርፍና በወረርሽኝ ብቻ ነው። በምስጋና ላይ የወረደውን እርግማንም የአደጋው ምልክት አድርጎ መዘገበና አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። በሳምንቱ የጭነት መኪኖች አቧራውን እያስነሡ ገቡ፤ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸው በሐዘን የተዘጋጀ ወጣቶች በጣቢያው ግቢ ወረዱና እርዳታ ማደል ጀመሩ።

እርዳታው የምስጋና ዱቄት ነበር።

ለጋሼ ናታን ጆንያውን ያሸከመችው ልጅ ላብ በላብ ሆናለች። «እንዴት ነው አባባ፣ እርዳታው?» አለችው፣ ደረቷ ላይ ወደተሰካው ትንሽ ጆሮ እያመለከተች።

ጋሼ ናታን ልጅቷን አያት። ጆንያውን አየው።

«በጣም ጥሩ ነው የኔ ልጅ» አለ። «ብዙ ደከማችሁ። እናንተን ያቆይልን።»

ደወሏ ጮኸች።

በጥቅምት ወተት በጉንጬው ከሰው ቁመት በላይ ሄደ። ራሱ ጎብጦ፣ ፍሬው ነጭቶ፣ ከመንገዱ ይታያል። በዙሪያው ያለው ሜዳ ሁሉ ቀይና አጭር ነው፤ ወፍ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ወደዚያ አንድ ጥግ ነው። ሶልያና የያፌትን ማማ አድሳ፣ ወንጭፉን ይዛ ትውልበታለች። ከወዲያ ማዶ ሐጂ አይማን፣ የሚጠብቁት ነገር ባይኖራቸውም፣ የራሳቸውን ማማ ሠርተው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ጋሼ ናታን በመንገዱ ሲያልፍ ቆመ።

«አንቺ ሶልያና! እንደምን ነሽ?»

ከመስክ ቀን ወዲህ ሰው ይህን ሲጠይቃት መልሱን ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ ናታንም ቆሞ ጠበቀ።

«ዛሬ ይሻላል» አለች ሶልያና ከማማው ላይ።

«ተመስገን።» ከዚያ ቀና ብሎ ማሽላውን አየው። «ኧረ ይኼ ምን ጉድ ነው! ይኼ ማሽላ ነው ወይስ ዛፍ? በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም!»

ሶልያና ከማማው ወረደች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወንጭፏን አስቀመጠችና እንደ መቀመጫ ታነጥፈው የነበረውን ባዶ የእርዳታ ጆንያ አንስታ ወደ ድንበሩ ሄደች። ጆንያውን በጆሮው ራስ ላይ አጠለቀችና እስከ ሥሩ ጎትታ አወረደችው። ከውስጥ የታፈነ ድምፅ «እንደምን ዋሉ?» አለ። አልመለሰችለትም።

ከዚያ ከሁሉ የሚረዝመውን አገዳ ጎንበስ አድርጋ ራሱን ቀነጠሰችና ለጋሼ ናታን ዘረጋችለት።

«ምን እሱ!» አለች። «ለወፍ ነው የዘራሁት።»